የባለፋኖሷ ቀኝ ጉንጭ

በዚያ ዓመት ዝናቡ ወር ቀድሞ ገባ። የዘይት ቀለም በዝናብ አይደርቅም። ታፔላ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ቀለሙ ካልደረቀ እጁን አጣጥፎ ከመቀመጥ ሌላ ሥራ የለውም። በመጀመሪያው ወር አንድ ፀጉር አስተካካይና አንድ ጎማ ጠጋኝ መጡ። በሁለተኛው ወር ፀጉር አስተካካዩ ብቻ መጣ፤ እሱም የመጣው ትዕዛዙን ሊሰርዝ ነበር። ከመንገዱ ማዶ በላስቲክ ላይ የሚያትም ማሽን ተከፍቷል። ሠዓሊው በሦስት ቀን የሚጨርሰውን ታፔላ ማሽኑ ሻይ ተፈልቶ እስኪቀርብ ያወጣዋል። በሦስተኛው ወር ጣሪያው በሁለት ቦታ አፈሰሰ። መሰላሉ ተሸጠ። ከመሰላሉ በኋላ ብስክሌቱ ተሸጠ። የእህቱ ጉልበት አበጠ። ቁርስና ምሳ ተጋብተው አንድ ሆኑ።

ሠዓሊው ስልሳ አራት ዓመቱ ነው። ሰፈሩ «ጋሽ ታፔላ» ይለዋል። በሦስት ዓመት ከምትበልጠው እህቱ ጋር ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ይኖራል። ሁለቱም አላገቡም። እሱ ጊዜ አላገኘሁም ይላል። የእሷን ምክንያት ኋላ እንደርስበታለን።

ሰው የሚያውቀው ግን በታፔላው አይደለም። ከአርባ አንድ ዓመት በፊት አንድ መምህር ቀጭን መጽሐፍ ጽፎ ነበር። መጽሐፉ ፋኖስ ይዛ በኮሪደር ስለምትዞር አንዲት የሞተች ቤት አከራይ ነው። የተከራዩን በር ታንኳኳለች። ሲከፍትላት ፋኖሷን ከፍ አድርጋ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። ቀድሞ የጨፈነ ሌላውን ተከትሎ ይሄዳል። እሷ የሞተች ስለሆነች አትጨፍንም። ታሪኩ ይኸው ነው፤ ሃያ ስድስት ገጽ። ማንበብ የቻለ ሁሉ አንብቦታል፤ ያልቻለም ሽፋኑን አይቶ ፈርቷል።

ሽፋኑን የሣለው ሠዓሊው ነው። የሴትየዋ ግራ ጉንጭ ከነጠባሳው በፋኖሱ በርቷል፤ ቀኙን ጨለማ ውጦታል፤ አንድ ዓይን አንባቢውን ትክ ብሎ ያያል። መምህሩ ሞተ። ማተሚያ ቤቱ ፈርሶ የሲሚንቶ መጋዘን ሆነ። ሽፋኑ ግን ቀረ። «ይህን ፊት ከየት አመጣኸው?» ብሎ ለጠየቀው ሁሉ ሠዓሊው ለአርባ አንድ ዓመት አንድ መልስ ነበረው።

«ከጭንቅላቴ።»

ዝናቡ አራተኛ ወሩን ሲይዝ የሟች ወንድማቸው ልጅ መጣች። ሥዕል የሚያንቀሳቅሱ ልጆች ያሉበት መሥሪያ ቤት ነው የምትሠራው።

«ጋሼ፣ ሥራ አመጣሁልህ» አለች ጃኬቷን እያራገፈች።

«ታፔላ ነው?»

«ታፔላ አይደለም። ባለፋኖሷን ልንሠራት ነው። ዌብኮሚክ።»

በስልክ የሚነበብ የሥዕል ታሪክ እንደሆነ አስረዳች። ሰው በጣቱ ወደ ላይ እየገፋ ያነበዋል። የእነሱ ደግሞ ይንቀሳቀሳል፤ ፋኖሱ ይርገበገባል፣ በሩ ሲጥ ይላል፣ ዝናቡ ይዘንባል።

«ዝናቡ እዚህም አለ» አለች እህቱ፣ ከጣሪያው ስር ያስቀመጠችውን ባልዲ በእግሯ እየገፋች። «ያውም በነጻ።»

«አማካሪ ይፈልጋሉ። ሽፋኑን የሣለው አጎቴ ነው ስላቸው አላመኑም። የሞትክ መስሏቸው ነበር።»

«ብዙም አልተሳሳቱም» አለች እህቱ።

መሥሪያ ቤቱ ከስፖርት ቤት በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ታች ጎረምሶቹ ብረት በጣሉ ቁጥር ላይ ጠረጴዛው ይዘላል። ስድስት ልጆች ጆሯቸውን በማዳመጫ ደፍነው፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ስክሪን ፊት ተቀምጠዋል። ጎን ለጎን ሆነው በጽሑፍ ያወራሉ። ሠዓሊው ይህን አይቶ የታመመ ሰው ያለ መስሎት ድምፁን ዝቅ አደረገ።

ዳይሬክተሩ ሠላሳ አልሞላውም። ቤት ውስጥ ኮፍያ ያደርጋል።

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ለእኛ ሌጀንድ ነዎት!» አለ።

ሠዓሊው ቃሉን አያውቀውም። በሽታ አለመሆኑን ከልጁ ፈገግታ ገመተ። «አማካሪ» የሚል ባጅ አንገቱ ላይ አጠለቁለት፣ ወንበር ሰጡት፣ ስክሪኑን ወደ እሱ አዞሩለት።

በሩ ተከፈተ። ባለፋኖሷ ቆማለች። ወገቧ ቀጥኗል። ሽፋሽፍት አብቅላለች። ፋኖሷን ከፍ አደረገችና ፊቷን ወደ ቀኝ አዞረች። እሱ አርባ አንድ ዓመት በጨለማ የደበቀው ቀኝ ጉንጭ ብቅ አለ። ጉንጩ ላይ ጠባሳ አለ። ግራውም ላይ ያችው ጠባሳ አለች።

«መንታ ወለደች?» አለ ሠዓሊው።

«ግራውን ገልብጠን ነው» አለ ዳይሬክተሩ። «ቀኟን አልሣሉልንምና።»

ከዚያ ባለፋኖሷ ዓይኗን ጨፈነች። ገለጠች። አራት ሰከንድ ቆይታ ደግማ ጨፈነች።

«ጨፈነች እኮ።»

«ፕሮግራሙ ራሱ ነው የሚያስጨፍናት ጋሼ። ሕይወት እንዲኖራት።»

«የሞተች ናት።»

«ይገባኛል። ግን የሞተችም ብትሆን ትንሽ ሕይወት ያስፈልጋታል።»

ሠዓሊው አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «በታሪኩ ሕግ ከሄድን» አለ፣ «አሁን ተከራዩን ተከትላ መሄድ ያለባት እሷ ናት። አራት ሰከንድ አልቻለችም።»

ከልጆቹ አንዱ ማዳመጫውን አውልቆ ሳቀ። ዳይሬክተሩ አልሳቀም። እንዳትጨፍን አደረጓትና ከስፖርት ቤቱ አምስት ሰው ጠርተው በስልክ አሳዩ። አምስቱም ባለፋኖሷ ፊት ሲደርሱ ስልኩን መታ መታ አደረጉት። አንዱ ወደ መስኮት ወስዶ ከፍ አድርጎ ያዘው። «ኔትወርክ የለም» አለ።

«አዩልኝ?» አለ ዳይሬክተሩ። «በወረቀት ላይ ዝም ያለ ፊት ያስፈራል። ስልክ ላይ ዝም ካለ ተበላሽቷል ማለት ነው። ፍርሃት ሦስት ሰከንድ ነው ያለው ጋሼ። በአራተኛው ሰው ስልኩን መጠርጠር ይጀምራል።» ከዚያ ሌላ ሐሳቡን አከለ። ባለፋኖሷ ድመት ብትኖራት ጥሩ ነው፤ ጥናት አስጠንተዋል፤ ሰው ድመት ይወዳል። ደግሞም ክፉ የሆነችበት ምክንያት ያስፈልጋል። «ልጅነቷ ላይ አንድ ቁስል ብናገኝላት።»

የወንድም ልጅ ከስክሪኗ ዞረች። የሚንቀሳቀሱትን ፊቶች የምትሠራው እሷ ናት።

«ቁስል አይደለም የቸገረን» አለች። «ሕያው ሰው ዝም ብሎም ሕያው ነው። ሳይጨፍን የሚያይ ሰው አስቀምጠን፣ ፊቱ ላይ ምን እንደሚላወስ አይተን ብንሠራት ትነሣለች። ጋሼ፣ ያኔ ማንን አስቀምጠህ ነው የሣልከው?»

«ከጭንቅላቴ ነው።»

ልጅቷ አየችው። የአክስቷን ጉንጭ ከነጠባሳው ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ሰፈሩም ያውቃል፤ እህቱን ከኋላዋ «ፋኖሷ» እያለ ነው የሚጠራት። ሠዓሊው ግን መመሳሰል ነው ብሎ ገግሟል። ልጅቷ ወደ ስክሪኗ ተመለሰች።

በማግስቱ ሠዓሊው እኔው እቀመጣለሁ አለ። መስታወት ፊት አስቀመጡት። በዘጠነኛው ሰከንድ ጨፈነ። የስፖርት ቤቱን አሠልጣኝ አመጡ፤ ክንዱ የሠዓሊውን ጭን የሚያህል ሰው ነው። በአሥራ አራተኛው ሰከንድ እንባው ወረደና ለአንድ ሳምንት ያልለቀቀው የፌዝ ስም ወጣለት።

«ካጣን ካጣን ያችኑ የተገለበጠችውን እንለቃለን» አለ ዳይሬክተሩ። «ሃያ ቀን ነው ያለን። ኩል እንጨምርላታለን።»

ሠዓሊው ዝናብ እየመታው በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ። በሕይወቱ የጻፋቸው ታፔላዎች በየመንገዱ ነበሩ፤ አሁን ግማሾቹ ወልቀዋል፣ ግማሾቹ ተቀብተዋል፣ የቀሩትን ማሽኑ ተክቷቸዋል። ከእጁ ሥራ የቀረችው አንዲት ፊት ናት። እሷንም ሊኩሉበት ነው።

እህቱ አልጋ ላይ ቁጭ ብላ የሰው ሹራብ ትጠግናለች።

«እትዬ» አለ።

«ምነው ዛሬ እትዬ ሆንኩ? ምን ፈለግህ?»

«ልጆቹ አንድ ሰው ቸግሯቸዋል። ሳይጨፍን የሚያይ። አንድ ሰዓት ብቻ…»

«ያኔም አንድ ሰዓት ነበር ያልከኝ።»

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። ማተሚያ ቤቱ የአሥራ ሁለት ቀን ጊዜ ሰጠው። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዶ፣ እህቱን የዘይት ቆርቆሮ ገልብጦ አስቀመጣት፣ ፋኖስ አስያዛት። አንድ ሰዓት ያለው አሥራ አንድ ቀን ሆነ፤ በቀን ሁለት ሁለት ሰዓት። ክንድሽን አታውርጂ፣ አትጨፍኚ፣ አትተንፍሺ አላት። ሰፈሩ በበሩ ስንጥቅ እየተሰለፈ አየ። የተቀመጠችው ግን በነጻ አልነበረም። ትምህርት ቤት ሳሉ ከእሱ በላይ ትሥል የነበረችው እሷ ናት። እናታቸው ስትሞት ከአራተኛ ክፍል ወጥታ ወንድሞቿን አሳደገች። እናም ተዋዋሉ። እሷ አሥራ አንድ ቀን ከተቀመጠችለት እሱም አሥራ አንድ ቀን ይቀመጥላታል፤ እሷ ትሥላለች። መጽሐፉ ወጣ። ሰው ሠዓሊውን አደነቀ። ሠዓሊው በሚቀጥለው ሳምንት አለ፤ ከዝናቡ በኋላ አለ፤ ይህ ታፔላ ይለቅና አለ። በመሃል አንድ የብረት ነጋዴ ሊያያት መጣ። መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሰውየው ሽፋኑን አየ፣ እሷን አየ፣ ጃንጥላዬን ታክሲ ውስጥ ረሳሁ ብሎ ወጣ። እስከ ዛሬ እየፈለገው ነው።

«መጀመሪያ ብድሬን» አለች።

«የምን ብድር?»

«አትቁለጭለጭብኝ። አሥራ አንድ ቀን። ቆርቆሮ ላይ። ፋኖስ አንስተህ። ከዚያ እኔ እቀመጥላቸዋለሁ።»

«ከሆነማ እዚሁ ቤታችን…»

«እዚህ ማን ያይሃል? እኔን ሰፈር አይቶኛል። እዚያው፣ ምናምን ነህ በሚሉህ ልጆች ፊት።»

«ሌጀንድ።»

«እሱ። እነሱ ፊት።»

«ክንዴ እኮ አርጅቷል እትዬ።»

«የኔን ያኔ ደስ ብሎት ነበር መሰለህ?» መርፌዋን ሹራቡ ላይ ሰካች። «ካልፈለግህም ግድ የለም። ከጭንቅላትህ አውጣላቸው። ሰፊ ነው አይደል?»

በማግስቱ ሠዓሊው ዳይሬክተሩ ፊት ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። ስድስቱም ልጆች ማዳመጫቸውን አወለቁ።

«ፊቱ የእህቴ ነው» አለ። «እኔ የሠራሁት ጨለማውን ነው።»

«ታዲያ ለምን ከጭንቅላቴ አሉን?»

«ባዶ እንዳይመስል።»

የወንድም ልጅ አንገቷን ደፍታ ስክሪኗን አየች። እየሳቀች ነበር።

ስምምነቱን ሲሰማ ዳይሬክተሩ ዘለለ። «ይሄ ራሱ ታሪክ ነው! ሠዓሊው ሲሣል! እንቀርጸዋለን፣ በጎን እንለቀዋለን!» እያለ ሳለ እህቱ አንድ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የሦስተኛውን ፎቅ ደረጃ ጨርሳ ገባች። አሳንሰሩን አላመነችውም። ዳይሬክተሩን አየችው። ቀስ ብሎ ኮፍያውን አወለቀ። ልጆቹ ፀጉር እንዳለው ያወቁት ያን ዕለት ነው።

«ካሜራ ያነሳ ሰው ካለ እኔም እነሣለሁ» አለች። «ወደ ቤቴ።»

«የለም የለም፣ እማማ። እንደፈለጉ።» ልጁ ራሱን አሰባሰበ። «ግን… የባለፋኖሷን ልጅነት እያጠናን ነበር። ምን ጎድቷት ይሆን እንደዚህ የሆነችው?»

«ልጅነቷማ ይሄን ወንድሟን ስታዝል አለቀ። ቁስሉ ጀርባዋ ላይ ነው። ላሳይህ?»

ድመቷ በዚያው ዕለት ከታሪኩ ወጣች።

ዕቃ የሚቀመጥበትን ክፍል ለቀቁላቸው። መስኮቱን በካርቶን ደፈኑት። የወንድም ልጅ ከጥግ ተቀምጣ ልትሥል ፈቃድ ጠየቀች፤ «ካሜራ አይሁን እንጂ እንደወደድሽ» አለቻት አክስቷ። ሠዓሊው የተገለበጠ የዘይት ቆርቆሮ ላይ ተቀመጠ። ፋኖሱን አነሳ። እህቱ ከፊቱ ተቀምጣ የሥዕል ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አደረገች፣ እርሳሷን በምላሷ ነካ አደረገች።

በአራተኛው ደቂቃ ክንዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ዝቅ አለ» አለች።

«ትንሽ ነው።»

«ያኔ ትንሽ ዝቅ ሲል ሰማይ የተደፋ ይመስል ትጮህብኝ ነበር። አሁንም ጨፈንክ። አፍህንስ ምን ነው እንደ ፖስታ ሳጥን የከፈትከው?»

«ልተንፍስ እንጂ።»

«ሠዓሊው መተንፈስ አይፈቅድም ነበር። እኔ ግን ደግ ነኝ። በሰዓት ሁለቴ ተንፍስ።»

በር ላይ ሦስት ልጆች ተደራርበው ያያሉ። በሁለተኛው ቀን አምስት ሆኑ። አሠልጣኙም ከታች መጥቶ ቆመ፤ የሰው ክንድ ሲንቀጠቀጥ ማየት ደስ ሳይለው አልቀረም። «ከትከሻ ሳይሆን ከጀርባ ያንሱት ጋሼ» ብሎ መከረ። ምክሩ ጠቀመ። በሦስተኛው ቀን ሠዓሊው የራሱን ቀኝ እጅ ለማንሳት የግራ እጁን እርዳታ ጠየቀ፤ ማታ እህቱ ማንኪያውን አንስታ ሰጠችው።

በአራተኛው ቀን ለረጅም ጊዜ ውስጡ የነበረ ጥያቄ አመለጠው።

«ያኔ ስታዪኝ ምን ነበር የምታስቢው? ያ አስተያየት… ሰው ሁሉ የሚፈራው።»

«አፍህን ግጠም፣ ከንፈርህን እየሠራሁ ነው።» ከንፈሩን ጨርሳ ነው የመለሰችለት። «ምስር ጥጄ ነበር የመጣሁት። አረረ እያልኩ ነበር።»

ሠዓሊው ፋኖሱ ሊወድቅበት ነበር። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ አገር ሰው በር ቆልፎ የተኛው ለምስር ነው?

«አረረ?» አለ።

«ድስቱን ጥዬዋለሁ።»

የወንድም ልጅ ለአክስቷ በእስክርቢቶ የሚሣልበትን ስክሪን አመጣችላት። እህቱ ለአንድ ቀን ሞከረችው። መስታወት ላይ እንደመጻፍ ነው አለች። አንድ ነገር ብቻ ወደደችለት፤ የተሳሳተውን የሚመልስ ቁልፍ አለው። ደጋግማ ተጫነችው። «ይሄ ያኔ ኖሮ ቢሆን» አለች፣ ሐሳቧን ሳትጨርስ መልሳ ሰጠቻት፣ እርሳሷን አነሳች።

ሥዕሉን ለሠዓሊው አላሳየችውም። ያኔም እሱ አላሳያትም ነበር። የታተመውን ነው ያየችው፣ ከገበያ፣ የሰው እጅ ላይ።

ፋኖሱን አሁን የያዘው እሱ ነው። ስለዚህ ብርሃኑ የሚያርፈው እሷ ላይ ነበር፤ ያውም ከሌላው ወገን፣ ቀኝ ጉንጯ ላይ። ሠዓሊው ይህን ያየው በሰባተኛው ቀን ነው። ያኔ ጨለማ ያለበሰው ያንን ጎን ነበር። ጨለማ ያለበሰውም ለማስፈራት አልነበረም፤ ጊዜው አልቆበት ስለነበር ነው። ጉንጩ ላይ ጠባሳ የለም። አጥንቱ ከግራው ከፍ ይላል። የምትሥለውን ስታይ አትጨፍንም፤ የታችኛው የዓይኗ ቆብ ጥብቅ ይላል፣ አፍንጫዋ ይነፋል፣ ከንፈሯ ለጥ ብሎ ይገጥማል። ከዚያ ወረቀቱን ታያለች። ደግማ እሱን። ሠዓሊው ስልሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ቀን በፊት ፈርቷት አያውቅም ነበር።

በጥጉ የተቀመጠችው የወንድም ልጅም ይህንን ሁሉ ታያለች። እጇ አያርፍም።

በዘጠነኛው ቀን ሰዓቱ ገና ሳይሞላ ዳይሬክተሩ በሩን በርግዶ ገባ። ኮፍያውን ረስቶታል።

«አገኘናት!» አለ። «ተሠርታለች! ጋሼ ይውረዱ! እማማም መቀመጥ አያስፈልጋቸውም!»

ልጅቷ በአንድ ሌሊት ሳይሆን በስምንቱ ቀን ነበር የሠራቻት፤ ከክፍሉ እየወጣች የሣለችውን በስክሪኗ ታነቃቃው ነበር። ባለፋኖሷ ቆመች። ፋኖሷን አነሳች። ዞረች። ቀኝ ጉንጯ ብርሃን ውስጥ ገባ። አልጨፈነችም። የታችኛው ቆቧ ጥብቅ አለ። አፍንጫዋ ተነፋ። ማንም ሰው ስልኩን መታ መታ አላደረገም። ከስፖርት ቤቱ አምስት ሰው ጠርተው ነበር፤ አንዱ ስልኩን እግሩ ላይ ጣለው፤ አንዱ አመሰግናለሁ ብሎ መልሶ ሰጠና አሳንሰር ውስጥ ብቻዬን አልገባም ብሎ በደረጃ ወረደ። አሠልጣኙ ማየት አልፈለገም። ሥራ አለኝ አለ።

እህቱ ስክሪኑን ቁልቁል አየችው።

«አፍንጫዬን አሳንሳችሁታል» አለች።

ሁሉም አጨበጨበ። ዳይሬክተሩ ሠዓሊውን አቀፈው፤ ሠዓሊው ታቅፎ አያውቅምና እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፋው። ከዚያ ልጆቹ ወደየጠረጴዛቸው ተበተኑ። ክፍሉ ውስጥ ሁለቱ ቀሩ። ፋኖሱ መሬት ላይ ነበር።

የፈለገው ሁሉ ተገኝቷል። ፊቷ ትክክል ሆናለች፤ ኩል የለ፣ መንታ ጠባሳ የለ። እህቱ እንድትቀመጥ መለመን ቀርቷል። ክንዱ ደግሞ ከትከሻው በታች የሌላ ሰው ሆኗል። እህቱን አየ። እርሳሶቿን አንድ በአንድ ወደ ቦርሳዋ ትከታለች። አልተቆጣችም። ፊቷ ላይ ምንም የለም። እርሳሶቹን በቁመታቸው ታደራጃቸዋለች፤ ለረጅም ጊዜ እንደሚቀመጥ ዕቃ።

ሠዓሊው ፋኖሱን አነሳ። ቆርቆሮው ላይ ተመልሶ ተቀመጠ።

«አርባ ደቂቃ ይቀራል» አለ።

«ሥራቸው አልቋል እኮ።»

«ያለቀው የነሱ ነው።»

እህቱ ቦርሳዋን እንደያዘች ቆመች። «ነገስ?»

«ነገም። ከነገ ወዲያም።»

ለትንሽ ጊዜ አየችው። ከዚያ አንዱን እርሳስ ከቦርሳው አወጣችው።

«አገጭህን ቀና አድርግ። ደግሞ አትኩራብኝ፤ ስትኮራ አንገትህ ይጠፋል።»

በአሥረኛው ቀን ማንም አላያቸውም። ልጆቹ የታሪኩን ሁለተኛ ክፍል ጀምረዋል። የማማከሩ ሥራ ስላበቃ የሠዓሊው ባጅ ተመልሷል፤ ዘበኛው ባጅ የሌለው አይገባም አለ። እህቱ ዘበኛውን አየችው። ገቡ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ብረት ታች ሲወድቅና እርሳስ ወረቀት ላይ ሲሄድ ብቻ ነው የተሰማው። አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረች፤ ጠቃጠቆህ መቼ ነው የወጣው ብላ ጠየቀችው። አላወቀም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ዝናቡ አባርቶ ነበር። በካርቶኑ ጠርዝ ብርሃን ገባ፤ እህቱ ተነስታ በጨርቅ ደፈነችው፣ ተመልሳ ተቀመጠች። መጨረሻ ላይ ለረጅም ጊዜ ትክ ብላ አየችው። እሱም አያት። ስንት ሰከንድ እንደሆነ አልቆጠረም። ዓይኑ አቃጠለው፣ እንባው ወረደ፣ አልጨፈነም። ከዚያ አንዲት መስመር አክላ እርሳሷን አስቀመጠች።

«በቃ። አውርድ።»

ክንዱ እሺ አላለም። እንደታጠፈ ቀረ፤ ማጠፊያው የዛገ በር ሆነ። እህቱ ተነስታ ፋኖሱን ከጣቶቹ አላቀቀች፣ ክርኑን በአንድ እጇ ትከሻውን በሌላው ይዛ ቀስ ብላ አወረደችለት። ልጅ ሳለ እጅጌውን እንዲሁ ነበር የምታወልቅለት። ከዚያ ደብተሩን አዞረችለት።

ጆሮው ከቦታው ወርዷል። ክንዱ ረዝሟል። እድሜ ልኩን መስመር የለካ ሰው ነውና እነዚህን ቀድሞ አየ። ከዚያ ሌላውን አየ። አንድ ሽማግሌ ከባድ ነገር አንስቶ ይዟል፤ አፉ ጥቂት ተከፍቷል፤ አሁን ይፈቀድልኛል ወይስ አይፈቀድልኝም እያለ የሚያየውን ሰው ያያል። እንዲህ ያለ ፊት እንዳለው ማንም ነግሮት አያውቅም። መስታወትም።

«ጆሮዬ…» አለ።

«ምን ሆነ ጆሮህ?»

«ምንም። ደህና ነው።»

ደብተሩን ዘግታ ቦርሳው ውስጥ ከተተችው።

«ተከፈለ?» አለ።

«ተከፈለ» አለች። «ቦርሳውን ያዝልኝ፤ ጉልበቴን ለደረጃው እፈልገዋለሁ። በግራ እጅህ ያዘው።»